ጸጥታዋ የሚጠራን አገር፦ በላኦስ ስለ መጓዝ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ የተስተካከለ)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ የእስያ አገር፣ ስለ ላኦስ ነው። ርእሱን የሰሙ አንዳንድ ባልደረቦች «ለመሆኑ እዚያ ምን አለ?» ብለውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ባንኮክን፣ ሃኖይንና አንኮርን አይቶ የተመለሰ መንገደኛ ስለ ላኦስ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚዘረዝረው የሌላትን ነው፦ ባሕር የላትም፣ ታላላቅ ከተሞች የሏትም፣ ግርግር የላትም፣ ጥድፊያ የላትም። ከዚያ ግን «እንደ እርሷ ልቤን ያሳረፈ አገር አላየሁም» ይላል። አገር በሌላት ነገር እንዴት ይወደዳል? ወደ ላኦስ ሦስት ጊዜ ተጉዣለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ተመልሻለሁ። የዛሬው ንግግሬ ያ ጸጥታ ከየት እንደመጣና መንገደኛ በእርሱ ውስጥ ሲያልፍ ምን እየሰማ እንደሆነ የሚመረምር ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ላኦሳውያንም እንደ እኛ በሁለት ዘመን የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። የቡድሃ ዘመን የሚሉት ከአውሮፓው በ543 ዓመት ይቀድማል፤ አዲስ ዓመታቸውን የሚያከብሩትም በኤፕሪል አጋማሽ፣ እርስ በርስ ውኃ እየተረጫጩ ነው።

ላኦስ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ባሕር የማይነካት ብቸኛ አገር ናት። ስፋቷ 236,800 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ይህም ከአገራችን አንድ አምስተኛ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ሕዝቧ ግን ስምንት ሚሊዮን አይሞላም። በምሥራቅ ቬትናም፣ በምዕራብ ታይላንድ፣ በሰሜን ቻይና፣ በሰሜን ምዕራብ ምያንማር፣ በደቡብ ካምቦዲያ ያዋስኗታል። ካርታውን የተመለከተ ሰው የጸጥታዋን አንዱን ምክንያት ወዲያው ያነባል፤ አብዛኛው መሬቷ ተራራ ነው። ተራራ ሰውን እንደሚያራርቅ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያሻም።

ካርታው ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ወንዝ አለ። ሜኮንግ ከቲቤት ከፍታዎች ተነሥቶ ከ1,800 ኪሎ ሜትር በላይ በላኦስ ውስጥና በድንበሯ ይፈሳል። እንዲህ ያለ ወንዝ ያለው አገር የንግድ አውራ ጎዳና ሊሆን ይገባው ነበር የሚል ሰው አይጠፋም። ፈረንሳውያንም ያሰቡት ይህንኑ ነው። በ1866 ዱዳር ደ ላግሬና ፍራንሲስ ጋርኒዬ የመሩት የአሳሾች ቡድን ከወንዙ አፍ ተነሥቶ ሽቅብ ሲጓዝ ዓላማው ወደ ቻይና የሚያስገባ የውኃ መንገድ ማግኘት ነበር። በደቡብ ላኦስ የሚገኘው የኮን ፏፏቴ ግን መርከብ የሚያሳልፍ ሆኖ አልተገኘም። ወንዙ እዚያ በብዙ ደሴቶች መካከል ተበትኖ በዓለት ላይ ይወድቃል። ፈረንሳውያን ቆይተው ጭነቱን በፏፏቴው ዙሪያ የሚያሻግር አጭር ሐዲድ በሁለት ደሴቶች ላይ ዘረጉ። ያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሐዲድ ለብዙ አሥርት ዓመታት አገሪቱ ያላት ብቸኛው የባቡር መስመር ነበር። የዛገው ሎኮሞቲቭ ዛሬ በዶን ኮን ደሴት ለጎብኚ ይታያል።

ከዚያው የቅኝ ግዛት ዘመን አንድ አባባል ወርሰናል፤ በየመንገደኛው መጽሐፍ ትገናኙታላችሁ። ቬትናማዊው ሩዝ ይዘራል፣ ካምቦዲያዊው ሲያድግ ያያል፣ ላኦሳዊው ሲያድግ ያዳምጣል ይላል። ሲሰሙት ደስ የሚል፣ ቅኔ የሚመስል ነገር ነው። ነገር ግን አባባሉ የገዥ ቋንቋ ነው፤ ጠቅለል ሲል «ይህ ሕዝብ ለሥራ አይጠቅምም» ማለት ነው። የሚያስገርመው ያው ስድብ መቶ ዓመት ሳይሞላው ወደ ምስጋና መዞሩ ነው። የጉብኝት ድርጅቶች በራሪ ወረቀት ላይ ስንፍና የተባለው እርጋታ ተብሎ፣ ከክስነት ወደ ማስታወቂያነት ተቀይሯል። የሩዝ ችግኝ ከመደብ ነቅሎ፣ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ ወገቡን አጉብጦ ቀኑን ሙሉ ሲተክል የዋለ ገበሬ ሩዙን ለማዳመጥ ጊዜ እንዳለው አላውቅም። ስለ ላኦስ እርጋታ የምናነበውን ሁሉ በዚህ ጥርጣሬ ማንበብ ያስፈልጋል፤ የዛሬውን የእኔንም ንግግር ጨምሮ።

ይህን ካልሁ በኋላ ግን የሚማርከው ነገር የለም ማለቴ አይደለም። አለ፤ በዐይን ይታያል።

ከታይላንድ ድንበር፣ ከሁዋይ ሳይ ከተማ እስከ ሉአንግ ፕራባንግ በጀልባ ሁለት ቀን ይፈጃል። ሌሊቱን ፓክቤንግ በምትባል ትንሽ የወንዝ ዳር ከተማ ያድራሉ። ጀልባው ረጅምና ጠባብ፣ ከእንጨት የተሠራ ነው፤ ወንበሮቹም ብዙ ጊዜ ከአሮጌ መኪና የተነቀሉ ናቸው። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ሁለቱንም ቀን ሙሉ ይጮኻል። ከሞተሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ስለ ላኦስ ጸጥታ ቢነግሩት ይስቃል። ሆኖም ከጀልባው የወረደ ሁሉ ጸጥታን ያወራል። እኔ እንደተረዳሁት ይህ ጸጥታ ከድምፅ ማጣት የመጣ አይደለም። ለሁለት ቀን ምንም ዓይነት ውሳኔ የማያስፈልገው ሰው የሚሰማው እረፍት ነው። ጀልባው ከወንዙ አይወጣም፣ ወንዙም ከተራሮቹ አይወጣም፤ ተሳፋሪው የሚያደርገው ማየት ብቻ ነው።

የሚያየውም ሌላ ሰው ሲሠራ ነው። በበጋ ውኃው ሲጎድል በሚገለጠው ደለል ላይ ሴቶች ኦቾሎኒና አትክልት ይተክላሉ፤ ክረምት ሲመለስ ወንዙ መሬቱን መልሶ ይወስደዋል። ዓሣ አጥማጁ በዓለቶች መካከል በቀርከሃ ዘንግ ላይ መረቡን ወጥሯል። ወርቅ አጣቢዎች በእንጨት ገበታ አሸዋ ያንገዋልላሉ። ጎሾች እስከ አንገታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ተኝተዋል። መንገድ ያልደረሰባቸው መንደሮች ጀልባውን የሚያውቁት በድምፁ ነው፤ ገና ሳይታይ ልጆች ወደ ዳር ይወርዳሉ፣ አንድ ጆንያ ሩዝ ወይም አንድ ሞተር ብስክሌት ይወርዳል፣ ጀልባው ይቀጥላል። ለተሳፋሪው እረፍት የሆነው ወንዝ ለእነዚህ ሰዎች እርሻ፣ ገበያና አውቶቡስ ነው።

ሉአንግ ፕራባንግ በሜኮንግና በናም ካን ወንዞች መካከል ባለች ልሳነ ምድር ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በ1353 ፋ ንጉም የተባለው ንጉሥ የመሠረተው የላን ሣንግ መንግሥት መናገሻ ነበረች፤ ስሙ «የአእላፍ ዝሆኖች አገር» ማለት ነው፣ በቁጥሩ ሚሊዮን ነው። ዋት ሢዬንግ ቶንግ የተባለው የቡድሃ ገዳም በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እንደተሠራ ቆሟል፤ የጣሪያው ክንፎች ተደራርበው እስከ መሬት ሊደርሱ ጥቂት ይቀራቸዋል። ዩኔስኮ ከተማዋን በ1995 በዓለም ቅርስነት የመዘገባት የላኦስ ባህላዊ የእንጨት ቤትና የፈረንሳይ ዘመን የግንብ ቤት ጎን ለጎን ተዋሕደው ስለተገኙባት ነው።

መንገደኛው ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የማለዳውን ምጽዋት ነው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ገና ሳይነጋ፣ መነኮሳቱ ብርቱካንማ መጎናጸፊያቸውን ለብሰው፣ ባዶ እግራቸውን፣ በማዕረግ ቅደም ተከተል በአንድ ረድፍ ከየገዳማቱ ይወጣሉ። ሴቶች ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፍ ላይ ተንበርክከው ይጠብቃሉ። እያንዳንዱ መነኩሴ ሲያልፍ ከሙዳያቸው ትንሽ የተቀቀለ ሩዝ በጣታቸው ቆንጥረው ከሳሕኑ ይጨምራሉ። ማንም አይናገርም። ሰጪው አይለምንም፣ ተቀባዩ አያመሰግንም። ከረድፉ መጨረሻ ደግሞ የድሃ ልጆች ቅርጫት ይዘው ይቀመጣሉ፤ መነኮሳቱ ከተቀበሉት ከፍለው ለእነርሱ ይሰጣሉ። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ መነኩሴ ምግብ ስለማይቀምስ የተሰበሰበው ሁሉ ከዚያ በፊት ይበላል።

ይህን ሥርዓት ስመለከት የቆሎ ተማሪ ትዝ ይለኛል፤ ንጽጽሩ የመልክ ብቻ አይደለም። ከረድፉ ውስጥ አብዛኞቹ ወጣቶች፣ እንዲያውም ልጆች ናቸው። ከሩቅ መንደር፣ ከድሃ ቤተሰብ የመጡ፣ ገዳም የገቡትም ከመንፈሳዊው ዓላማ ጋር ትምህርት ለማግኘት ነው። ለምድ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው የእኛ ተማሪም እንዲሁ ነው፤ ዕውቀቱን የሚያስገኝለት የመንደሩ ቁራሽ ነው። ልዩነቱ በድምፁ ላይ ነው። የእኛው ይጠራል፣ ውሻ ይጮኽበታል፣ አንዳንዴም «እግዜር ይስጥህ» ተብሎ ይሸኛል። በላኦስ የሚንበረከከው ሰጪው ነው፤ ምክንያቱም በእምነቱ መሠረት ተጠቃሚው እርሱ ነው። በላኦስ ቋንቋ «ቡን» የሚለው ቃል ጽድቅ የሚያስገኝ በጎ ሥራ ማለት ነው፤ በዓልም የሚጠራው በዚያው ቃል ነው። ምስጋና የሌለው ውለታው የመነኩሴው ስለሆነ ነው፤ ለሰውየው የመስጠትን ዕድል ሰጥቶታል።

ሥርዓቱ ጥንታዊ መሆኑ ሳይነካ የኖረ ነው ማለት አይደለም። በታኅሣሥ 1975 ንጉሣዊው አገዛዝ ወድቆ (እኛም ዘውዱን በይፋ የሻርነው በዚያው ዓመት እንደነበር አስታውሱ) የላኦስ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሲታወጅ፣ አዲሱ መንግሥት መነኮሳት በሕዝብ ትከሻ እንዳይኖሩ በማለት ምጽዋቱን ሊያግድ ሞክሮ ነበር። ሕዝቡ አልተቀበለውም፤ መንግሥትም ቀስ በቀስ ተወው። ስለዚህ በማለዳ የምናየው ረድፍ እንዲሁ የቀረ ልማድ አይደለም፤ ሰዎች ያስቀሩት ነው። የጉብኝት መጽሐፎች ይህን ብዙም አይጽፉም።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ፈተና መጥቷል። በዋናው ጎዳና ላይ ካሜራ ከመነኩሴ ይበዛል። ብልጭታ በፊታቸው ላይ ይበራል፣ ጎብኚው ከነጫማው ረድፉ ውስጥ ይገባል፣ ለፎቶግራፍ ያህል ብቻ የሚሰጥ ሩዝ በየጥጉ ይሸጣል። ከተማው ማስጠንቀቂያ ለጥፏል፦ ራቅ በሉ፣ ትከሻችሁን ሸፍኑ፣ ብልጭታ አታብሩ፣ ከመነኩሴ ከፍ ብላችሁ አትቁሙ። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከባዱ ችግር በማስታወቂያ ሰሌዳ የሚፈታ አይደለም። ከተማዋ በቅርስነት ከታወቀች ወዲህ በልሳነ ምድሩ ላይ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ቤታቸውን ለእንግዳ ማረፊያና ለምግብ ቤት አከራይተው ወደ ዳር ወጥተዋል። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ኪራዩ ጥሩ ነው፣ አዲሱ ቤትም ምቹ ነው። ገዳም ግን የሚኖረው በጎረቤቱ ነው። በማለዳ ተነሥታ ሩዝ የምትቀቅል ሴት ከሠፈር ስትወጣ መነኮሳቱ የሚያልፉት በሆቴል ደጃፍ ይሆናል። ቤቱ ተጠብቆ ባለቤቱ የወጣበት ቅርስ ምን ዓይነት ቅርስ ነው? በአገራችን የቅርስ አስተዳደር የምታጠኑ ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ወደ ላሊበላና ወደ ሐረር ጁገል ብትሄዱ ደስ ይለኛል።

ሩዙን ካነሣሁ ስለ ማዕዱ ጥቂት ልበል፤ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ በላኦስ እንግድነት የማይሰማው በማዕድ ላይ ነውና። የላኦስ ሩዝ ተጣባቂ ነው። ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ በቀርከሃ ወንፊት በእንፋሎት ይበስልና ክዳን ባለው ትንሽ ሙዳይ ይቀርባል። በእጅ ይቆረሳል፣ በጣት ይድቦለቦላል፣ ከመካከል ከተቀመጠው ማባያ ይጠቀሳል። ላፕ የሚባለው ምግብ ደቆ የተከተፈ ሥጋ ነው፤ አንዳንዱ ጥሬውን ይወደዋል። ከቅጠላ ቅጠልና ተቆልቶ ከተፈጨ ሩዝ ጋር ይለወሳል። ከጉራጌ የመጣ አንድ ባልደረባዬ ቢያየው ከክትፎ ጋር ዝምድናውን ለማስረዳት ሁለት ሰዓት ይፈጅበት ነበር። ቡናውም በደቡብ በቦላቬን አምባ ይበቅላል፤ ፈረንሳውያን የተከሉት ነው። በጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ይጠጣል። ስለ እርሱ አስተያየት ከመስጠት እቆጠባለሁ።

ፊደሉም ሳያወያየን አይቀርም። የላኦስ ጽሕፈት ከሕንድ የፊደል ቤተሰብ የመጣ ነው። የቋንቋ ሊቁ ፒተር ዳንኤልስ በ1990 ለዚህ ዓይነት ጽሕፈት፣ ማለትም አናባቢው ከተነባቢው ጋር ተጣብቆ ለሚጻፍበት፣ የመረጠለት ስም ከእኛው የተወሰደ ነው፤ አቡጊዳ። ላኦሳውያን በቅርብ ዘመን አጻጻፋቸውን አቅልለው ከዚያ ሥርዓት ራቅ ብለዋል። ያም ሆኖ የገበያ ሰሌዳ ላይ ምልክቶቹ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ተንጠልጥለው ሲያዩ፣ ግዕዝ ለቆጠረ ዐይን እንግዳ አይሆኑም።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልግባ። ላኦስ ጸጥ ያለችው በተራራዋና በእምነቷ ብቻ አይደለም። በ1828 የሲያም፣ የዛሬዋ ታይላንድ፣ ጦር ቪየንቲያንን አቃጠለ፤ ሕዝቡንም ወንዙን አሻግሮ ወሰደው። ዛሬ በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ የሚኖረው የላኦ ተወላጅ ላኦስ ውስጥ ካለው ይበዛል። በሜኮንግ ምሥራቃዊ ዳር ሆናችሁ «እንዴት ሰው የሌለበት ሰላማዊ አገር ነው!» ስትሉ፣ ሰዎቹ በማዶ ናቸው። ከ1975 በኋላም ከሕዝቡ አንድ አሥረኛ የሚሆነው ተሰደደ። ብዙዎቹ ህሞንግ የሚባሉት የተራራ ሰዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙ ሺሕ በአሜሪካ በሚኒሶታ ይኖራሉ፣ የብዙዎቻችሁ ዘመዶች ጎረቤቶች ናቸው።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ደግሞ ጦርነቱ አለ። ከ1964 እስከ 1973 አሜሪካ በላኦስ ላይ ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ቦምብ ጣለች። አውሮፕላኖቹ የወጡት 580,000 ጊዜ ያህል ነው። ከሕዝቧ ብዛት አንጻር በዓለም እንደ ላኦስ የተደበደበ አገር የለም። ከተጣለው ውስጥ ወደ 270 ሚሊዮን የሚደርሱት ክላስተር የሚባሉት፣ በአንድ እቅፍ ተጭነው አየር ላይ የሚበተኑ ትንንሽ ቦምቦች ነበሩ። ከእነርሱም እስከ ሠላሳ በመቶ የሚሆኑት ሳይፈነዱ መሬት ውስጥ ቀርተዋል። ላኦሳውያን «ቦምቢ» ይሏቸዋል። መጠናቸው የቴኒስ ኳስ ያህል ነው፤ ልጅ ያነሣቸዋል።

በሢዬንግ ኩዋንግ ክፍለ አገር «የጋኖች ሜዳ» የሚባል ስፍራ አለ። ከሁለት ሺሕ ዓመት ያህል በፊት ከዓለት የተፈለፈሉ፣ አንዳንዶቹ ከሰው ቁመት የሚበልጡ የድንጋይ ጋኖች በኮረብቶች ላይ ተበትነው ቆመዋል። በ1930ዎቹ ያጠናቻቸው ፈረንሳዊት አርኪዮሎጂስት ማድሌን ኮላኒ ከቀብር ሥርዓት ጋር እንደሚያያዙ ገምታለች፤ በኋላ የተደረጉ ቁፋሮዎችም ይህን ያጠናክራሉ። የጢያን ትክል ድንጋዮች ያየ ሰው የሚሰማውን ዓይነት ነገር እዚህም ይሰማዋል፤ ሙታንን ያከበረ፣ ስሙን ግን ያልተወ ሕዝብ። ዩኔስኮ በ2019 መዘገበው።

ሜዳው እጅግ ጸጥ ያለ ነው። ሳር፣ ነፋስ፣ ድንጋይ። መሬት ላይ ትንንሽ የሸክላ ምልክቶች ተቀብረዋል፤ ግማሻቸው ነጭ፣ ግማሻቸው ቀይ ነው። በነጩ በኩል ያለው መሬት ከቦምብ የጸዳ ነው፣ በቀዩ በኩል ያለው ያልጸዳ ነው። በጋኖቹ መካከል ቦምብ የከፈታቸው ጉድጓዶች ሳር ለብሰው ይታያሉ። እኔ በዚህ ሜዳ ላይ ቆሜ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ጸጥታው የሚያርስ ሰው ባለመኖሩ የመጣ መሆኑን ነው። በየዙሪያው ያሉ ገበሬዎች መሬት አጥተው አይደለም፤ ማረሻው ምን እንደሚነካ አያውቁም። ጦርነቱ ካበቃ ወዲህ ከ20,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል ወይም ቆስለዋል። መንገደኛው «ያልተነካ ተፈጥሮ» ብሎ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሸለቆ፣ በመንደሩ ሰው ዘንድ ስሙ «የማይገባበት» ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ብዙም በማይርቀው ናፒያ መንደር ሰዎች የጦርነቱን የአሉሚኒየም ስብርባሪ አቅልጠው ማንኪያ ይሠራሉ። ዕደ ጥበቡ የጀመረው ለጎብኚ ተብሎ አይደለም፤ ለገበያና ለሾርባ ቤት ነበር። ክላስተር ቦምብን የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2010 ሥራ ላይ ሲውል የአባል አገሮች የመጀመሪያ ጉባኤ የተደረገው በቪየንቲያን ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በሥልጣን ላይ እያለ ላኦስን የጎበኘው ግን በ2016 ነበር፤ ባራክ ኦባማ የመጀመሪያው ነው። ለማጽዳቱ ሥራ በሦስት ዓመት የሚሰጥ 90 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገብቷል።

ስለ አንድ ሌላ ዝምታም መናገር አለብኝ፤ ካልተናገርሁት ንግግሬ ጎደሎ ይሆናል። ላኦስ ከ1975 ጀምሮ በአንድ ፓርቲ ትተዳደራለች። ሶምባት ሶምፎን በገጠር ልማትና በወጣቶች ትምህርት የታወቀ፣ በ2005 የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማት የተቀበለ ሰው ነው። በታኅሣሥ 2012 በቪየንቲያን መኪናውን እየነዳ ሳለ በፖሊስ ኬላ እንዲቆም ሲደረግ፣ ከዚያም በሌላ መኪና ሲወሰድ በጎዳና ካሜራ ተቀርጿል። ከዚያ ቀን ወዲህ አልታየም። ስለዚህ የቡና ቤት ጨዋታ ወደ ፖለቲካ ሲጠጋ አስተናጋጁ ፈገግ ብሎ «ቦ ፔን ኛንግ» ቢል፣ ቃሉ «ግድ የለም» ማለት መሆኑን የመዝገበ ቃላት ዕውቀት ብቻ ይዞ መተርጎም አይበቃም። አንዳንዴ ከልብ የመነጨ ትዕግሥት ነው፤ አንዳንዴ ጥንቃቄ ነው። እኛም «ግድ የለም» የምንልበትን ልዩ ልዩ ቃና እናውቃለንና ይህን ለመለየት ጆሯችን ደንቆሮ አይደለም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ ጉዞው ይማርካል ወይ? ይማርካል። እንዲያውም ለእኔ ይበልጥ የማረከኝ ሁለተኛው ጉዞዬ ነበር። የመጀመሪያው መንገደኛ የሚያደንቀው ባዶነትን ነው፤ ነገሩን ያወቀ መንገደኛ የሚያደንቀው ይህን ሁሉ ተሸክመው በማለዳ ተነሥተው ሩዝ የሚቀቅሉትን ሴቶች ነው። ለእንግዳ በሚደረገው የ«ባሲ» ሥርዓት ላይ ሽማግሌዎች በእጅ አንጓ ላይ ነጭ ክር ያሥራሉ። በሰው አካል ውስጥ ሠላሳ ሁለት የነፍስ ጠባቂዎች አሉ፣ ሰው ሲጓዝ ወይም ሲታመም አንዳንዶቹ ይኮበልላሉ፣ ክሩም መልሶ ይይዛቸዋል ተብሎ ይታመናል። በጦርነት መንደሩን ጥሎ ዓመታት በዋሻ ውስጥ የኖረ ሕዝብ ይህን ሥርዓት ሲፈጽም ማየት ለጎብኚ የተዘጋጀ ትርኢት ከማየት የተለየ ነው።

ጸጥታው ይቆያል ወይ የሚለውን ደግሞ ሁሉም ይጠይቃል። በ3 ዲሴምበር 2021 ከቻይና ድንበር እስከ ቪየንቲያን 414 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የባቡር መስመር ተከፈተ። ግማሹ ለማለት ይቻላል የሚያልፈው በዋሻ ውስጥ ነው። በአውቶቡስ ቀኑን የሚፈጀው የቪየንቲያንና የሉአንግ ፕራባንግ መንገድ ዛሬ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በባቡር የሄደ ሰው የሠሪውን ስምና የብድሩን ወግ መገመት አይቸግረውም። የድሮ መንገደኞች «ላኦስ ተበላሸች» ሲሉ እሰማለሁ። ይህን አስተያየት አልጋራውም። የታመመ ልጁን ይዞ ወደ ዋና ከተማ ሆስፒታል የሚሄድ አባት የእኛን የጀልባ ትዝታ የመጠበቅ ግዴታ የለበትም።

ስለ ግድቦቹ ግን እንዲህ ደፍሬ አልናገርም። ላኦስ ኤሌክትሪክ ለጎረቤቶቿ መሸጥን የልማቷ ዋልታ አድርጋለች፤ ወደብ የሌላት፣ ወንዝ ያላት አገር ይህን ብታስብ እኛ ከማንም ይበልጥ እንረዳታለን። በሜኮንግ ዋና ግንድ ላይ የተሠራው የሳያቡሪ ግድብ በ2019 ሥራ ጀምሯል። ሌላው ከሉአንግ ፕራባንግ ከፍ ብሎ በመገንባት ላይ ነው፤ ዩኔስኮም በቅርሱ ላይ ያለውን ሥጋት ገልጿል። በጁላይ 2018 በደቡብ፣ በአታፑ ክፍለ አገር፣ በግንባታ ላይ የነበረ የአንድ ግድብ ተጨማሪ ክፍል ተደርምሶ መንደሮችን ጠርጓል፣ ሺሕዎችን አፈናቅሏል። ወንዙ በየደረጃው ሐይቅ ሲሆን ደለሉ ከላይ ይቀራል፣ ዓሣው መውጫ ያጣል፤ በበጋ ኦቾሎኒ የሚተከልበት ዳርቻም አይገለጥም። ብርሃኑ የሚሄደው ወደ ባንኮክ ነው፤ ዳርቻውን ያጣችው ሴት ግን ፓክቤንግ አካባቢ ናት። ሚዛኑን ለመናገር የምጣኔ ሀብትና የውኃ ምህንድስና ባልደረቦቼ ከእኔ ይሻላሉ፤ በአዳራሹም ስላሉ በጥያቄው ሰዓት እንደሚረዱን ተስፋ አደርጋለሁ።

መሄድ ለምታስቡ ተማሪዎች ጥቂት ልጨምር። ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለው ወቅት ቀዝቃዛና ደረቅ ነው። በማርችና በኤፕሪል በሰሜን ገበሬዎች ማሳ ስለሚያቃጥሉ ጭሱ ተራራውን ይሸፍነዋል፤ ዐይን ያቃጥላል። ሰላምታው «ሳባይ ዲ» ነው፣ መዳፍን ከመዳፍ ገጥሞ ከደረት ላይ። የሰው ራስ አይነካም፣ እግርም ወደ ቡድሃ ምስል አይዘረጋም። ምጽዋቱን ማየት የፈለገ ከሉአንግ ፕራባንግ ዋና ጎዳና ይልቅ በየትኛውም ትንሽ ከተማ የኋላ መንገድ ይቁም፤ ሥርዓቱ በየማለዳው በመላ አገሪቱ አለ፣ ካሜራም የለበትም። ከመንገድ ዳር ምንም የብረት ነገር አታንሡ፣ ከተረገጠ መንገድም አትውጡ። ምርጫው ካላችሁ በሁዋይ ሳይ በኩል በጀልባ ግቡ፣ በባቡር ውጡ፤ ሁለቱንም ላኦስ ታያላችሁ።

ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።